መላሽ ያጣ ይቅርታ

ኪራኮስ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ አያስከፍትም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን፣ ኮሎምቢያ ሃይትስን አልፈን፣ ክሪስታል ሲቲ ከምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ በር ላይ እስኪጥለኝ ድረስ ያለው መንገድ የእሱ መድረክ ነው። እኔ ዓባይነህ እባላለሁ፤ ጎረቤቱ ነኝ፤ ከእሱ ቤት በታች ባለው ፎቅ እኖራለሁ። በጠዋት ወሬ እንደማልወድ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ሰምቶኝ አያውቅም። መምህር አይደል፤ ተማሪው ቢያንቀላፋም ማስተማሩን አይተውም።

ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ ሲያስተምር ነው ጎልማሳነቱ ያለቀው። ዲቪ ደርሶት ሲመጣ የሚያውቀው ሥራ ያው ማስተማር ስለሆነ፣ እዚህም ትምህርት ቤት በር አንኳኳ። የሰጡት ሥራ ግን «ፓራ» ይባላል፤ ዋናዋ መምህርት ስታስተምር ከኋላ ተቀምጦ ትምህርት የከበዳቸውን ልጆች ማገዝ ማለት ነው። የሚሠራው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ስሙ ለዚህ ታሪክ አይጠቅምም። የአገር ቤት ዲግሪውን አስመዝኖ፣ ፈተናውን አልፎ ሙሉ መምህር ለመሆን ከጀመረ ቆይቷል። አንዱ ሲሟላለት ሌላው ይጎድልበታል። እስከዚያው ግን አንድም ቀን ያለ ክራባት ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። ከኋላ ወንበር ለሚቀመጥ ሰው ክራባት ምን ይሠራለታል ብዬ ስቀልድበት፣ ልጆቹ እንዲያዩኝ ነው አለኝ።

እውነቱን ነው። በዚያ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ከሚማሩት ልጆች ብዙዎቹ ጥቁሮች ናቸው፤ የዚሁ አገር ተወላጆች፣ የጋና፣ የሴራሊዮን፣ የእኛም። ጥቁር የሆነ አዋቂ ወንድ ሲፈለግ ግን በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ፣ ኮሪደሩን የሚያጥበው ሰውዬና ኪራኮስ ናቸው። የቀሩት መምህራን ክፉ ናቸው ሲል ሰምቼው አላውቅም። ደጎች ናቸው፣ ይደክማሉ ነው የሚለው።

«ግን ዓባይነህ» አለኝ አንድ ጠዋት፣ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ። «አንድ ልጅ ትምህርት ጀምሮ እስኪጨርስ ድረስ እሱን የሚመስል ወንድ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ካላየ፣ ትምህርት የሌላ ሰው ዕቃ ይመስለዋል። የሰው ዕቃ እንዳይነካ ደግሞ ይጠነቀቃል።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ጥሩምባ ነፉብን።

የኖህን ነገር የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ኖህ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሲበዛ ረጅም፣ ሲበዛ ዝምተኛ፣ ክረምት ከበጋ ቆብ ያለው ሹራብ የማይለየው ልጅ። አባቱ እሱ ሕፃን ሳለ ሞቷል። እናቱ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ እኔ ከምሠራበት ብዙ የማይርቅ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ አልፎ አልፎ አውቶቡስ ስትጠብቅ አያታለሁ፤ ሰላምታ እንለዋወጣለን። ልጁ በምሳ ሰዓት ከካፍቴሪያው ጫጫታ እየሸሸ ኪራኮስ ምሳውን ወደሚበላበት ባዶ ክፍል መግባት ጀመረ። መጀመሪያ ለመሸሸግ ነበር። ኪራኮስም አላባረረውም፤ ምንም አልጠየቀውም። ዝም ብሎ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጽፎ ሳንድዊቹን መብላት ያዘ። ልጁ ተነስቶ ሠራው። በማግስቱ ከበድ ያለ ጻፈለት፤ እሱንም ሠራው።

ጥቁር ሰው ፊዚክስ ሲያስተምር አይቼ አላውቅም አለው ልጁ አንድ ቀን፣ በእንግሊዝኛ። ቅሬታ አልነበረም፤ እንዲያው ያየውን መናገሩ ነው። ኪራኮስ ይህን ሲነግረኝ መኪናውን ጥግ አስይዞ ትንሽ መቆም ነበረበት። ሥራ ትገባለህ አትገባም ብዬ ተቆጣሁት። ሰው ፊቴ ሲያለቅስ የማደርገው ይጠፋኛል።

ሌሎቹ ተማሪዎች ሚስተር ኬ ይሉታል። ኖህ ግን ጋሼ ነበር የሚለው። አማርኛው የተሰባበረ ነው፣ እናቱ ስታናግረውም በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሰው፤ ያቺን ቃል ግን ጥርት አድርጎ ይጠራት ነበር። ጋሼ፣ ይቺ ልክ ናት? ጋሼ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ጻፍልኝ። ኪራኮስ ያቺን ቃል በመኪናው ውስጥ ደጋግሞ ሲነግረኝ ሰልችቶኛል ብዬው አውቃለሁ። ልጅ የለውም፤ ለምን እንደሚደጋግማት ይገባኝ ነበር።

በብርዱ ወራት አጋማሽ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ኪራኮስን ወደ ሌላኛው የሕንፃው ክንፍ አዛወረችው፤ ሕመም ያለበት ተማሪ አጠገብ ቀኑን ሙሉ እንዲቀመጥ። የምሳ ሰዓቱም አብሮ ሄደ። ያቺን አንዲት ሰዓት ብቻ መልሱልኝ ብሎ ለመነ። ስለ ትጋቱ አመሰገኑት፤ ሰዓቱን ግን አልመለሱለትም። እዚህ አገር እንቢ የሚሉህ አመስግነው ነው።

ኖህ ካፍቴሪያውን እንደሸሸ ቀረ፤ መሸሸጊያው ግን ሌላ ሆነ። መጀመሪያ ከምሳ ሰዓት ጠፋ፤ ከዚያ ከምሳ በኋላ ካለው ክፍል፤ ከዚያ ከጠዋቱም። ኪራኮስ ኮሪደር ላይ ሲያገኘው ነገ እመጣለሁ ጋሼ ይለዋል። ነገ ሲመጣ ደግሞ የሚያገኘው የለም፤ ኪራኮስ ከታማሚው ተማሪ አጠገብ መነሳት አይችልም።

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። አንዲት መምህርት ክፍል ውስጥ የኖህን ስልክ ከእጁ ወሰደች። እሱ መልሶ ሳበው። ሲስበው እጇ ጠረጴዛ መታ፤ ደነገጠች። ገፈተረኝ ብላ ሪፖርት አደረገች። አጠገቡ የነበሩት ልጆች አልነካትም አሉ፤ ልጆች ግን ለልጅ ማድላታቸው አይቀርም ተባለ። ከትምህርት ታገደና ጉዳዩን የሚያይ ስብሰባ ተቀጠረ። የሚወሰነው አንድ ነገር ነው፦ ኖህ እዚያው ይቀጥላል ወይስ የተባረሩ ልጆች ወደሚላኩበት ሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳል? ወደዚያ ሄዶ የተመለሰ ልጅ አላየሁም አለኝ ኪራኮስ። ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የዓለምዘርፍን ቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ጠብቆ አነጋገራት። እኔም አብሬ ነበርኩ። ጥፋተኛ ነው የሚል ቃል ከአፍዎ እንዳይወጣ አላት። ልጄ የሆነውን ራሱ ይናገር ይበሉ፤ ያዩት ልጆች ይጠሩ ይበሉ፤ ሌላ ምንም አይበሉ። እሷ ነጠላዋን እያስተካከለች ሁሉንም እሺ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እኛ እኮ ሐበሾች ነን መምህር፣ እንደ እነዚያ የአገሩ ጥቁር ልጆች አያዩትም አለችው።

«ወይዘሮ የዓለምዘርፍ» አላት፣ «ኮሪደር ላይ ከኋላው ሲያዩት ሐበሻ መሆኑን ማን ይነግራቸዋል?»

እሺ አለች እንደገና። የእኛ ሰው እሺ ሲል መስማቱን ነው የሚነግርህ፤ ተስማምቷል ያልክ እንደሆነ የራስህ ጉዳይ ነው።

አሁን ስብሰባው ውስጥ የሆነውን ከመናገሬ በፊት፣ አገር ቤት የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ነገር ላስታውስ። ልጅ ሲያጠፋ ወላጅ አምጣ ይባላል። ወላጅ ይመጣል። መጥቶ ለልጁ አይከራከርም፤ ነውር ነው። መምህሩ ከከሰሰው በላይ ራሱ ይከሰዋል። ባለጌ ነው፣ ዱርዬ ነው፣ ቤትም አስቸግሮኛል፣ ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ እንጂ እንዳሻዎ ይቅጡልኝ ይላል። ይህን ሲል መምህሩ ቁጣው ይበርዳል። ኧረ እንዲህስ አይበሉ፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ ዘንድሮ ትንሽ ተዘናግቶ ነው ይላል። ወላጅ በከሰሰ ቁጥር መምህር ጠበቃ ይሆናል፤ በመጨረሻ ልጁ በሁለቱ መሀል ነጻ ይወጣል። እኔን ራሴን አባቴ እንዲህ አድርጎ ነው ያስጣለኝ። ኪራኮስም ስንቱን ወላጅ እንዲህ ተቀብሎ አሰናብቷል። የሚሠራው ግን ሁለቱም ወገን ድርሻውን ካወቀ ነው። በአንድ እጅ አይጨበጨብም።

በስብሰባው ቀን በስልክ ያስተረጉማል የተባለው ሰው መስመሩ እየተቆረጠ አስቸገረ። ሰብሳቢዋ ከላይ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣች ሴት ነበረች፤ ጊዜዋ አጭር ነበር። እዚህ አማርኛ የሚችል ሠራተኛ አለ አይደል አለች። ኪራኮስን ከታማሚው ተማሪ አጠገብ አስነስተው አመጡት። የዓለምዘርፍ ስታየው እፎይ አለች፤ እግዜር ነው ያመጣልኝ ብላ አሰበች። ሰብሳቢዋ ሕጉን ነገረችው፦ የተባለውን ብቻ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ እናትየዋ «እኔ» ስትል እሱም «እኔ» እያለ።

እሱ ደስ ብሎት ነበር የተቀመጠው። ይህን ሲነግረኝ ነው ያዘንኩለት። አብሬያቸው ስላለሁ የምረዳበት አንድ መንገድ አላጣም ብሎ ነበር።

የመምህርቷ ሪፖርት ተነበበ። ኖህ ከእናቱ ቀጥሎ አቀርቅሮ ተቀምጧል። ከዚያ ሰብሳቢዋ ወደ እናትየዋ ዞራ ስለተፈጠረው ነገር የምትለው ካለ ጠየቀቻት። የዓለምዘርፍ ተነስታ ቆመች። ተቀመጪ ቢሏትም አልተቀመጠችም፤ መምህራን ፊት ተቀምጦ መናገር ከየት ይመጣል? እጆቿን አጣምራ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተናገረች።

«ልጄ ባለጌ ነው። እኔንም አልሰማ ብሎኛል። እናቱ የምትሆን መምህርቱን ገፍትሯል፣ እጁን አንስቷል። ከእኔ ይልቅ የእናንተ ልጅ ነው፤ የፈለጋችሁትን ቅጡት፣ ቅር አይለኝም።»

መግፈተር አለመግፈተሩን ልጁን አንድም ቀን አልጠየቀችውም ነበር። መጠየቅም አላስፈለጋትም፤ የተናገረችው የሆነውን ለመንገር አይደለም፤ ምሕረት ለመለመን ነው።

ኪራኮስ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሰብሳቢዋ እባክህ አለችው።

ተረጎመው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በዚያ የመምህር ድምፁ፣ ቃል በቃል። ልጄ ባለጌ ነው አለ። እጁን አንስቷል አለ። የፈለጋችሁትን ቅጡት አለ። ሲጨርስ በእኛ ባህል ይህ ንግግር ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ ብሎ ጀመረ፤ ሰብሳቢዋ ግን በትሕትና አስቆመችው። ዛሬ የመጣኸው ለማስተርጎም ነው፣ ምስክር መሆን ከፈለግህ አስቀድመህ መመዝገብ ነበረብህ አለችው። ኪራኮስ ወደ ርዕሰ መምህሯ ዞረ። እሷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ትመለከት ነበር።

የዓለምዘርፍ አሁንም እንደቆመች፣ ፊት ለፊቷ ያሉትን አንድ በአንድ ታያቸዋለች። የእነሱን ድርሻ እየጠበቀች ነው። ኧረ እንዲህስ አይበሉ የሚላትን። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚመለሰውን መልስ የሚያውቅ አንድ መምህር ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ አፉን ለሰው አከራይቶ ተቀምጧል።

ሰብሳቢዋ ስለ ሐቀኝነትዎ እናመሰግናለን አለች። ኪራኮስ ይህንንም ተረጎመ። የዓለምዘርፍ ፊቷ በራ፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ተመስገን አለች ቀስ ብላ። ምሕረቱ መጣ ብላ ነው።

ኖህ ያን ጊዜ ቀና አለ። ያየው እናቱን አይደለም። ኪራኮስን ነው።

ይህን ሁሉ በማግስቱ ጠዋት፣ ከዚያም በሌሎች ጠዋቶች፣ እየቆራረጠ ነው የነገረኝ። የመጀመሪያ ቀን ሰምቼ ጨርሼ ጮህኩበት። ትንሽ ለምን አታጣምመውም? ማን ያውቅብሃል? ልጄ አልነካትም ትላለች ብትል ኖሮ ምድር ትገለበጥ ነበር?

«ልጁ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል» አለኝ። «ብዋሽ፣ መምህሩ ሲዋሽ ሊያይ ነው። ባልዋሽ፣ መምህሩ ሲከስሰው ሰማ። የቱን ልምረጥ ዓባይነህ?»

ብዙ ጊዜ መኪና እያስገባሁና እያስወጣሁ አስበዋለሁ፤ በሁለቱም በኩል ብሄድ መውጫ የለውም።

ውሳኔው በስልክ መጣ። ኖህ ወደዚያኛው ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ወላጁ ራሷ ድርጊቱን ማመኗ ነው። ኪራኮስ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ተመላለሰ፤ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄደ። ይግባኝ ማለት የምትችለው እናትየዋ ብቻ ናት አሉት። ወደ እሷ ሲሮጥ ደግሞ እንቢ አለች። አመስግነውኝ ነው እኮ የሸኙኝ መምህር፣ አሁን መልሼ ልክሰሳቸው? ከመምህር ጋር ተካስሼ ለልጄ ምን ይተርፈዋል? አለችው። ያስተረጎመላት ራሱ ነው፤ ምስጋናው የውሸት ነው ሊላት አልቻለም። ውሸትም አልነበረም። ሰብሳቢዋ ከልቧ ነው ያመሰገነቻት።

ያንቺ ንግግር ነው ያስፈረደበት ብለህ ለምን አትነግራትም አልኩት። ነግሬያት ምን ታድርገው? አለኝ። ሆቴል ክፍል ስትጠርግ ውላ ማታ ይህን ታቅፋ ትተኛ?

አንድ ቅዳሜ እነ ኖህ ቤት እንሂድ አለኝ። የፊዚክስ መጽሐፍ ገዝቶለት ነበር፤ ብቻውን መሄድ ፈርቷል መሰለኝ፣ እኔን አስከተለ። አሌክሳንድሪያ ያለው አፓርታማቸው ጠባብ ነው፤ በሩን የከፈተልን ኖህ ነው። ቤተ ክርስቲያን በመጨረሻ ካየሁት ቁመቱ ጨምሯል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጓል። ኪራኮስ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ፤ ልጁም በሥርዓት ጨበጠው። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞሮ ጠራ።

«ማሚ፣ ሚስተር ኬ ነው።»

ኪራኮስ ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ከኋላው ስለነበርኩ ገፋ አድርጌ ነው ያስገባሁት።

የዓለምዘርፍ ሻይና ዳቦ አቀረበችልን፤ ብሉልኝ እያለች ራሷ ግን አልተቀመጠችም። አዲሱ ትምህርት ቤት እንዴት ነው ብዬ ልጁን ጠየቅኩት፤ ፋይን አለኝ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ፊዚክስ ይሰጣሉ ወይ አለው ኪራኮስ። ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፣ ቁልፍ እየተጫንን ነው የምንውለው አለ፤ ቀና ሳይል። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። አመሰግናለሁ አለ በእንግሊዝኛ። አልነካውም። አስተዳደጉ ጥሩ ነው፤ ቢቆጣ፣ ቢሰድበን ይሻል ነበር።

እናትየዋ ሻዩን ደግማ ቀዳችና ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች።

«መምህር፣ እርስዎ ያውቃሉና ልጠይቅዎ» አለች። «ያን ቀን ቆሜ ብቻ ነው የለመንኳቸው። አንሶባቸው ይሆን? ተንበርክኬ፣ ድንጋይ ተሸክሜም ቢሆን ብለምን ኖሮ፣ ልጄን ይተዉልኝ ነበር?»

ኖህ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ላይ አነሳ። ስልኩን ተወና ኪራኮስን ያይ ጀመር። ከእናቱ በላይ መልሱን የሚጠብቀው እሱ ነበር።

«እርስዎ ያጎደሉት ነገር የለም» አላት ኪራኮስ።

ልጁ ማዳመጫውን መልሶ አጠለቀ።

ሻያችንን ጨርሰን ተሰናበትን። እሷ እስከ ሊፍቱ ድረስ እየመረቀች ሸኘችን። መኪናው ውስጥ ስንገባ ኪራኮስ አንድም ትምህርት አልነበረውም። ሬዲዮ ልክፈት ብዬ አስቤ እጄን መለስኩ። ዊልሰን ድልድይ ላይ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቶ ቆምን። ክራባቱን ላላ አደረገና ከፊት ያለውን የጭነት መኪና እያየ ተናገረ።

«ኧረ እንዲህስ አይበሉ» አለ። «ልጁ ጎበዝ ነው።»

አሁን ብትለው ማን ይሰማሃል ልለው አሰብኩና ተውኩት።